ኳሷን ያልመታችውን እዩ

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ ስለ ሴቶች የጥንድ ቴኒስ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ለወትሮው የምትጽፉልኝ ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ነበር። ከፓሪሱ ኦሎምፒክ ወዲህ ግን፣ በተለይ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጡት ደብዳቤዎች ሌላ መልክ ይዘዋል። አባቶችም እየጻፋችሁ ነው። ስለ ሴት ልጁ ስፖርት ብሎ ብዕር የሚያነሳ አባት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ ደሴ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነበርኩ። አሁን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ልጃገረዶችን ቴኒስ አሠለጥናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የፓሪስ ኦሎምፒክን የሴቶች ጥንድ ፍጻሜ ወንድሜ ስልኬ ላይ ጭኖልኝ አየሁት። ጣሊያኖቹ የመጀመሪያውን ሰት ተሸነፉ፣ ሁለተኛውን አሸነፉ። ሦስተኛው ይጀመራል ብዬ ስጠብቅ 10 ለ 7 ተብሎ ተጨባብጠው ወጡ። ዊምብልደን ላይ እንዲህ አይደለም። ነገሩ ምንድን ነው?» (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

በትክክል ነው ያየኸው ወንድሜ። ያ ፍጻሜ 2 ለ 6፣ 6 ለ 1፣ 10 ለ 7 ነው ያለቀው። ሳራ ኤራኒና ጃስሚን ፓኦሊኒ፣ ሚራ አንድሬቫንና ዲያና ሽናይደርን አሸንፈው ለጣሊያን ወርቅ ወሰዱ። ዘመኑ 2024 ነበር።

10 ለ 7 ያለቀው የሦስተኛው ሰት ምትክ ነው። ሱፐር ታይብሬክ ይሉታል። ሰት የሚባለው ዙር በጌም ይቆጠራል፣ ጌም ደግሞ በነጥብ። እዚያ ግን ጌም የለም፣ የሚቆጠረው ነጥብ ብቻ ነው። ቀድሞ 10 የደረሰ ጥንድ ያሸንፋል፣ ግን በ2 ነጥብ መብለጥ አለበት። 9 እኩል ከሆኑ 11 ለ 9፣ እሱም ካልሆነ 12 ለ 10 እያለ ይሄዳል።

የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ማኅበር፣ ማለትም ደብልዩቲኤ፣ በሚመራቸው ውድድሮችም አሠራሩ ይኸው ነው። ግራንድ ስላም የሚባሉት አራቱ ታላላቅ ውድድሮች (የአውስትራሊያው፣ የፈረንሳዩ ሮላንድ ጋሮስ፣ የእንግሊዙ ዊምብልደን እና የአሜሪካው ዩኤስ ኦፕን) ግን በሴቶች ጥንድ ሦስተኛውን ሰት ሙሉውን ያጫውታሉ። ወደ 10 ነጥቡ የሚሄዱት በሦስተኛው ሰት 6 እኩል ከሆኑ ብቻ ነው። ዊምብልደን ላይ ያላየኸው ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ጊዜና ጉልበት ነው። ነጠላ ስትጫወት የዋለች ልጅ በዚያው ቀን ለጥንድ ልትመለስ ትችላለች። ጨዋታው መቼ እንደሚያልቅ በግምት ካልታወቀ ነጠላ የሚጫወቱት ጥንድ ውስጥ አይገቡም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ይህን ሳታውቅ ካየህ ግማሹ ጣዕም ይቀርብሃል። በደብልዩቲኤ የጥንድ ጨዋታ ጌሙ ውስጥ 40 እኩል ሲሆኑ አድቫንቴጅ የሚባል ነገር፣ ማለትም ጌሙን ለመውሰድ በሁለት ነጥብ መብለጥ፣ የለም። አንዲት ነጥብ ብቻ ትጫወታለች፣ ጌሙ በእሷ ያልቃል። ደግሞ ሰርቩን፣ ማለትም ነጥቡ የሚጀመርበትን ምት፣ የምትቀበለዋን የሚመርጡት ተቀባዮቹ ራሳቸው ናቸው። እዚያች ነጥብ ላይ ሁለቱን ልብ ብለህ እያቸው። ተጠግተው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ትንሽ ይነጋገራሉ። ከዚያ አንዷ ወደ ቦታዋ ትሄዳለች። ማን እንደሄደች ሲታይ ያ ጥንድ በማን እጅ እንደሚተማመን ይታወቃል።

ሰርቩ ደግሞ ተራ በተራ ነው። አራቱም ይደርሳቸዋል፣ አንድ ጌም ከዚህ፣ አንድ ጌም ከዚያ። በአንድ ሰት ውስጥ ተራቸውን አይቀያይሩም። የተቀባዮቹም ጎን እንዲሁ ነው፤ ቀኝ የያዘች እስከ ሰቱ መጨረሻ ቀኝ ናት። አዲስ ሰት ሲጀመር ግን ሁሉንም እንደ አዲስ መደልደል ይችላሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ስታዘቀዝቅ በአንደኛው በኩል ሰርቭ ማድረግ ማለት ዓይን ጨፍኖ መምታት ነው። አንዷ ግራኝ አንዷ ቀኝ ከሆኑ ተራቸውን አስበው ይደለድሉና ሁለቱም ፀሐይዋን ይሸሿታል።

«ከጎንና ከጎን ያለችው ጠባብ ሰርጥ ሰርቭ ላይም ትቆጠራለች ወይ? ከጓደኞቼ ጋር ተወራርደናል።» (ከኮምቦልቻ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪ)

አትቆጠርም። የሰርቩ ሳጥን ለነጠላም ለጥንድም አንድ ነው። ሰርጧ የምትሠራው ሰርቩ ከተመለሰ በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ጎን 1.37 ሜትር ናት። ሜዳውን ከ8.23 ወደ 10.97 ሜትር ታሰፋዋለች። የሜዳው ርዝመት ግን አይቀየርም፣ 23.77 ሜትር ነው። ሰርቭ የምታደርገዋ ልጅ እዚያች ሰርጥ ጀርባ ድረስ ሄዳ መቆም ትችላለች፣ ያ የተፈቀደ ነው።

ሜዳው ሲሰፋ የሚጨምረው ከሦስት ሜትር ያነሰ ነው፣ ሰው ግን እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ባዶ ቦታ በነጠላ ጨዋታ እንደሚገኘው አይገኝም፣ መፍጠር ያስፈልጋል። ይህን ያዙልኝ፣ ለሚቀጥለው ደብዳቤ ያስፈልገናል።

«እትዬ፣ እኔ 15 ዓመቴ ነው፣ ጓደኛዬ 16። ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። ሁለታችንም አጫጭር ነን። አንድ የሚያሠለጥነን ሰው ‹ጥንድ እኮ ነጠላ የማይሆንላቸው የሚጫወቱት ነው› አለን። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ቀዝቅዛለች። ስንሸነፍ ደግሞ እስከ ቤት ድረስ አታናግረኝም። ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል። ጥንዱን ልተወው?»

አብሽሪ ልጄ። አትተይውም። ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ጉዳይ አለ። ቁመት፣ ያ ሰውዬ ያለው ነገር፣ እና የጓደኛሽ ዝምታ። ቁመቱን ቶሎ ልጨርሰው።

ከላይ የጠራኋቸው የኦሎምፒክ አሸናፊዎች ፓኦሊኒና ኤራኒ ሁለቱም 1 ሜትር ከ60 ምናምን ናቸው። መረብ ሥር ከቆሙት ረጃጅም ልጆች አጠገብ ሲታዩ ታናናሽ እህቶቻቸው ይመስላሉ። ኤራኒ ያን ወርቅ ስታገኝ 37 ዓመቷ ነበር። ሰርቯ ቀርፋፋ ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ከታች ወደ ላይ፣ ልጆች እንደሚያደርጉት ትመታዋለች፣ ይህም በሕጉ የተፈቀደ ነው። ይህቺው ሴት ቀደም ሲል ከሮቤርታ ቪንቺ ጋር አራቱንም ግራንድ ስላም በጥንድ አሸንፋለች። አራተኛውን የጨረሱት በ2014 ዊምብልደን ላይ ነው። በ2025 ደግሞ ከፓኦሊኒ ጋር ሮላንድ ጋሮስን ደገመች። ቁመትሽ ሰርቭ ላይ ያጎድልብሻል፣ እውነት ነው፣ አልዋሽሽም። ጥንድ ላይ ግን ያን የሚያካክስ ሰው አጠገብሽ ቆሟል።

አሁን ወደ ሰውዬው ንግግር። በጣም የተለመደ አባባል ነው፣ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ማስረጃው ግን አይደግፈውም። ቼካዊቷ ባርቦራ ክሬይቺኮቫ ከካተሪና ሲኒያኮቫ ጋር በ2018 ሮላንድ ጋሮስንና ዊምብልደንን ስታሸንፍ ሁሉም የጥንድ ተጫዋች ናት ይላት ነበር። በ2021 ሮላንድ ጋሮስ ላይ ነጠላውንም ጥንዱንም በአንድ ውድድር ወሰደች። በ2024 ደግሞ ዊምብልደንን በነጠላ አሸነፈች። በዚያ ፍጻሜ የተሸነፈችው ማን መሰለችሽ? ፓኦሊኒ ናት። ፓኦሊኒ ያን ዓመት ሁለት የግራንድ ስላም የነጠላ ፍጻሜ ደርሳ ሁለቱንም አጥታ፣ ከዚያ ፓሪስ ሄዳ ወርቁን በጥንድ አገኘች።

ወደ ኋላም ብትሄጂ ያው ነው። ማርቲና ናቭራቲሎቫ በነጠላ የዘመኗ አንደኛ ሳለች ከፓም ሽራይቨር ጋር 20 የግራንድ ስላም የጥንድ ዋንጫ ወስዳለች። ከ1983 እስከ 1985 ድረስ 109 ጨዋታ በተከታታይ ሳይሸነፉ ሄዱ። በ1984 አራቱንም ግራንድ ስላም በአንድ ዓመት ጠቀለሉ። ሴሬናና ቬነስ ዊሊያምስ 14 ጊዜ የግራንድ ስላም የጥንድ ፍጻሜ ደርሰው 14ቱንም አሸንፈዋል። አንድም አልተሸነፉም። እነዚህ ነጠላ ያልሆነላቸው ናቸው?

ጥንድ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። የሚለየውን ልንገርሽ። ነጠላ ላይ ዓይንሽ ኳሷ ላይ ከሆነ ይበቃል። ጥንድ ላይ ጨዋታውን የምትጫወተው ብዙ ጊዜ ኳሷን ያልመታችው ናት።

ይህን ለማየት እንዲህ አድርጊ። የጥንድ ጨዋታ ስልክ ላይ ስታዪ ለአንድ ጌም ያህል ኳሷን ተያት። መረብ ጋ የቆመችውን ብቻ እያት። መጀመሪያ ጀርባዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ እጇን ወገቧ ኋላ ታደርጋለች። ጣቶቿን ታሳያለች። በብዙዎቹ ዘንድ የተጨበጠ እጅ «አልንቀሳቀስም» ማለት ነው፣ የተዘረጋ መዳፍ «አቋርጣለሁ» ማለት ነው፣ ግን ጥንዱ ሁሉ የራሱ ምልክት አለው። ከኋላ ያለችው «እሺ» ትላለች ወይም ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ሰርቩ ይመታል። መረብ ጋ ያለችው ተቀባይዋ ራኬቷን ወደ ኋላ እስክትስብ ትጠብቃለች። ቀድማ ከሄደች ትታያለች፣ ከዘገየች አትደርስም። ልክ ክንዱ ወደ ፊት ሲመጣ ሁለት እርምጃ በሰያፍ ወደ መሃል ትወረወራለች። ከኋላ የነበረችው ደግሞ የለቀቀችላትን ጎን ለመሸፈን ትሮጣለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ኳሷ አንዴ መረቡን እስክታልፍ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ትወዛወዝና ትቀራለች። ምንም አልነካችም። ተቀባይዋ ግን ፈርታ ወደ ውጪ መታችው። ነጥቡ ተቆጠረ። አስተያየት ሰጪው ስሟን አያነሳም፣ ስታቲስቲክሱ ላይ አይገባም። ነጥቡን ግን ያመጣችው እሷ ናት።

እዚህ ኮምቦልቻ ልጆቼን የማሠራው አንድ ልምምድ አለ። ኳስ አያስፈልግም፣ ስለዚህ እናንተም ዛሬውኑ ትችላላችሁ። የአህያ መጫኛ ገመድ አራት ሜትር ያህል ይቆረጣል። አንዷ አንዱን ጫፍ በግራ እጇ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሌላውን በቀኟ። ሦስተኛ ሰው ከመረቡ ማዶ ሆኖ በእጁ አቅጣጫ ያሳያል። ግራ ሲል ሁለቱም ግራ፣ ቀኝ ሲል ሁለቱም ቀኝ፣ ወደፊት ሲል ሁለቱም ወደፊት። ገመዱ መወጠር የለበትም፣ መሬትም መንካት የለበትም። መጀመሪያ ላይ አንዷ ትጎትታለች፣ አንዷ ትረግጠዋለች። እየቆየ ሲሄድ አንዷ ሌላዋን ሳታይ መሄድ ትጀምራለች። የያዘችው ገመድ እጇ ላይ ትንሽ ሲከብዳት ጓደኛዋ እንደራቀች ታውቃለች። ያኔ ገመዱን አስቀምጬ ኳስ እሰጣቸዋለሁ። ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ። በመሃላችሁ ሰተት ብላ ታልፍ የነበረችው ኳስ ማለፊያ ታጣለች።

መሃሉን አደራ። ተጋጣሚዎች ሲጨንቃቸው ወደ መሃል ነው የሚመቱት። አንደኛ መረቡ መሃል ላይ ዝቅ ይላል፣ 91 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ምሰሶዎቹ ጋ 1.07 ሜትር ነው። ሁለተኛ «የኔ ነው ያንቺ ነው?» የሚባባሉት እዚያ ነው። እናንተ ከጨዋታው በፊት ተስማሙ። ብዙ ጥንዶች መሃል የመጣችውን ፎርሃንዷ (ራኬት በያዘችበት እጅ በኩል የምትመታው ምት) በዚያ በኩል ለሆነችው ይተዋሉ። የፈለጋችሁትን ተስማሙ፣ ብቻ ተስማሙ። ስትመቺም ድምፅ አውጥተሽ «የኔ!» በይ። የእኛ ልጆች ሜዳ ላይ መጮኽ ያፍራሉ። በቤት ውስጥ ዝም በይ ተብለው ስላደጉ ነው። ሜዳ ላይ ግን ዝምታ ጨዋነት አይደለም።

የጓደኛሽን ዝምታ የመጨረሻ ያደረግሁት በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። ፕሮፌሽናሎቹ በነጥብና በነጥብ መካከል 25 ሰከንድ ነው ያላቸው። በዚያች ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ እይ። ነጥቡን ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ተጠግተው እጅ ለእጅ ይነካካሉ። ኳሷን መረብ ላይ የለጠፈችውም እጇን ትሰጣለች፣ ጓደኛዋም ትቀበላታለች። ልማድ ነው፣ እንደ ሰርቭ የሚለመድ። ያለፈው ነጥብ ይዘጋና ስለ ሚቀጥለው ይነጋገራሉ። «ምን ሆነሽ ነው?» የሚባል ጥያቄ የለም። «የሚቀጥለውን ወዴት ልምታ?» ነው የሚባለው።

ስለዚህ ከጓደኛሽ ጋር ሳትጫወቱ፣ በደህናው ቀን፣ ቁጭ ብላችሁ ሁለት ነገር ተነጋገሩ። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ እጅ ትነካካላችሁ፣ ያለ ምንም ልዩነት። ሁለተኛ፣ ከተሸነፋችሁ ስለ ጨዋታው እዚያው መንገድ ላይ አታወሩም። ታጥባችሁ፣ እህል ቀምሳችሁ፣ በማግስቱ ነው የምታወሩት። መንገድ ላይ ግን ስለ ሌላ ነገር ታወራላችሁ። ዝም ማለት ክልክል ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አትፈልጊ ልጄ። አንቺ የሳትሻት ኳስ ብዙ ጊዜ ከሁለት ምት በፊት የጀመረች ናት።

ደግሞ አንዷ ከሌላዋ ጋር ለዘለዓለም አልተሳሰረችም። ከላይ የጠራኋት ሲኒያኮቫ በ2024 ሮላንድ ጋሮስን ከኮኮ ጎፍ ጋር አሸነፈች። ሳምንታት ቆይታ ዊምብልደንን ከቴይለር ታውንሴንድ ጋር ወሰደች። ከማንም ጋር መጫወት መቻል ራሱ ችሎታ ነው። ተነጋግራችሁ ካልሆነ በሰላም ሌላ ሰው ሞክሪ። ጥንዱን ግን አትተዪ።

ለሁለታችሁም አንድ ስም ልስጣችሁ፣ ፈልጋችሁ እዩአት። አንጄላ ኦኩቶዪ ትባላለች፣ የናይሮቢ ልጅ ናት። መንታ እህት አላት፣ አያታቸው ናቸው ያሳደጓቸው። በ2022 ዊምብልደን ላይ በታዳጊ ሴቶች ጥንድ ከሆላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ገባች። ፍጻሜው ላይ የመጀመሪያውን ሰት 3 ለ 6 ተሸነፉ። ሁለተኛውን 6 ለ 4 አሸነፉ። የታዳጊዎቹ ጥንድ እዚያም በሦስተኛው ሰት ፋንታ ሱፐር ታይብሬክ ነበረው፣ እሱን 11 ለ 9 አሸነፉ። ግራንድ ስላም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኬንያዊት በታዳጊም ቢሆን እሷ ናት። ከተሸነፉት ሁለቱ ካናዳውያን አንዷ ቪክቶሪያ ምቦኮ ነበረች፣ ዛሬ በትልልቆቹ ውድድር ስሟ የሚጠራው። በሁለት ነጥብ ነው የበለጧቸው።

«ይድረስ ለእህቴ። ሴት ልጄ ደሴ ትማራለች፣ ከጓደኛዋ ጋር በጥንድ ጥሩ ትጫወታለች ይሉኛል። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ። በቀጥታ ልጠይቅሽ። በዚህ ነገር እንጀራ ይበላል? ትልልቆቹ ውድድሮችስ ሰው እንዴት ነው የሚቀበሉት?»

ጋሼ፣ በቀጥታ ስለጠየቁኝ በቀጥታ ልመልስ። በጥንድ ብቻ የሚኖሩ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ከነጠላው ያነሰ ነው የሚከፈለው። በ2024 ዊምብልደን ላይ በነጠላ ያሸነፈችው 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ፓውንድ ወሰደች። በጥንድ ያሸነፉት 650 ሺህ፣ ያውም ለሁለት የሚካፈል። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ወንድና ሴት እኩል እንዲከፈላቸው ዩኤስ ኦፕን በ1973 ጀመረ፣ ዊምብልደን እስከ 2007 ቆየ። የጥንዱ ክፍያም የራሱን ተከራካሪዎች ይፈልጋል።

አገባቡ እንዲህ ነው። የሁለቱ ደረጃ ይደመራል። ድምራቸው ትንሽ የሆኑት ጥንዶች ቀድመው ይገባሉ። አንዷ በነጠላ የተሻለ ደረጃ ካላት ያንን ማቅረብ ትችላለች። ግራንድ ስላም ላይ 64 ጥንድ ይገባል፣ ዋንጫው ስድስት ድል ነው። 250 የሚባሉት አነስተኛ የደብልዩቲኤ ውድድሮች ላይ 16 ጥንድ ነው፣ አራት ድል። አንዷ ከተጎዳች ሁለቱም ይወጣሉ፣ ጨዋታው መሃል ላይ ሰው መተካት የለም። እዚያ ከመድረስ በፊት ደግሞ መሰላሉ ረጅም ነው። የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የታዳጊዎች ውድድር ከ13 ዓመት ይጀምራል። ከዚያ ዝቅተኛዎቹ የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድሮች አሉ። ናይሮቢም ይዘጋጃሉ።

ከአፍሪካ ደርሰው ያሳዩ አሉ። የዚምባብዌዋ ካራ ብላክ አምስት የግራንድ ስላም የሴቶች ጥንድ ዋንጫ አላት፣ የጥንድ ዓለም አንደኛም ሆናለች። አራቱን ያገኘችው ደቡብ አፍሪካ ከተወለደችው ሊዜል ሁበር ጋር ነው። ግን እውነቱን ልናገር። የብላክ አባት ሐራሬ ግቢያቸው ውስጥ የሣር ሜዳ ሠርተው ነበር። የእኛ ልጆች ያን የላቸውም።

ለእርስዎ ልጅ ከእንጀራ በፊት የማስበው ትምህርት ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቴኒስ ቡድን አላቸው፣ ለሴት ተጫዋቾች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። የቡድኖቹ ግጥሚያ ሲካሄድ ሦስት የጥንድ ጨዋታ አለ። ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን አንድ ነጥብ ያገኛል። ሰባት ነጥብ ባለው ግጥሚያ ያች አንዷ ብዙ ጊዜ ወሳኝ ናት። ስለዚህ አሠልጣኞቹ ጥንድ የምትችል ልጅ ይፈልጋሉ። ከላይ የጠቀስኳት ኦኩቶዪም ከዊምብልደን ድሏ በኋላ ኦበርን የሚባል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የልጅዎ ክፍል ውጤት እንዳይወርድ ይጠብቁ፣ እንግሊዝኛዋን ያበርቱላት። ጨዋታዋንም አያስቁሙብኝ።

«እኔና ጥንዴ ደሴ ነው የምንለማመደው። ለውድድር ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንጫወት ኳሱ ሁሉ መረብ ላይ ይቀርብናል። የኮምቦልቻዎቹ ደግሞ ደሴ ሲመጡ ሁሉን ወደ ውጪ ይመቱታል። በልምምድ ማነስ ነው?»

አይደለም። በአየሩ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፍታው ላይ ያለው ልዩነት ግን ለኳስ ብዙ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን የሚይዛት የለም፣ ትበራለች። የምታሽከረክሩባት ሽክርክሪትም ቶሎ አይጎትታትም። ውስጧ ያለው አየር ደግሞ ከውጪው በጣም ስለሚበልጥ ከፍ ብላ ትነጥራለች።

ፕሮፌሽናሎቹም ይቸገሩበታል። ማድሪድ 650 ሜትር ገደማ ላይ ብቻ ሆና እንኳን ኳስ ይፈጥናል እያሉ ያወራሉ። ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ፣ የደብልዩቲኤ ውድድር ስታዘጋጅ የኖረች ከተማ ናት። ከፍታዋ 2,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ ጋር ማለት ይቻላል። እዚያ የሚሄዱት ቀድመው ገብተው እጃቸውን ያለማምዳሉ።

እናንተም ሐረጎን ስትወርዱ ከመረቡ ከፍ አድርጋችሁ ምቱ። ሎብ (በተጋጣሚ ራስ ላይ ከፍ ብላ የምታልፍ ምት) ስትመቱ ጨክኑ፣ ደሴ ላይ ወጥታ የምትቀረዋ ኳስ ኮምቦልቻ ላይ ሜዳ ውስጥ ትወድቃለች። ከተቻለ ከውድድሩ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ውረዱ፣ ካልተቻለ በጠዋቱ ደርሳችሁ ግማሽ ሰዓት ሰርቭና ሎብ ብቻ ምቱ። ኮምቦልቻዎች ደሴ ስትወጡ የራኬታችሁን ክር ጠበቅ አስደርጉት። መረብ ጋ ቅረቡ። ሎብ አሳጥሩ።

ኳስ የምትገዙት ደግሞ ቆርቆሮውን አንብቡ። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተፈቀደ ልዩ ኳስ አለ፣ ውስጡ ያለው ግፊት ዝቅ ያለ ነው። «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚል ተጽፎበታል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ይህንኑ እንዲጠይቅ ንገሩት። ካጣ ግፊት አልባውን ይግዛ። እሱ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ ለልምምድ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። የተለመደውን ኳስ ግን ደሴ ላይ ቆርቆሮውን እንደከፈታችሁ አትወዳደሩበት። አንድ ሁለት ቀን ተለማመዱበትና ጉልበቱ ሲበርድ ለጨዋታ አውጡት።